ካርቶን ውስጥ የተቀመጠው ሲስተም

ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ እንዳትታዘቡኝ ነው። እናቴ “ሐናን የተወለደች ቀን ያለቀሰችው አዋላጇ ናት” ትላለች። እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ይህን የማወራችሁ ነገር የደረሰብኝም በከፊል በዚሁ ጠባዬ ነው።

ደሴ ውስጥ ለስድስት ዓመት የኮምፒውተር አስተማሪ ነበርኩ። ሃያ ኮምፒውተር ነበረን፤ የሚነሱት አራት፣ ማውዝ ያላቸው ሁለት። አንድ ቀን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጣላሁና መልቀቂያዬን አስገባሁ። ደብዳቤው ላይ ስለ እሳቸው አስተዳደር ሁለት ገጽ ሙሉ ስለጻፍኩ ተመልሼ የምገባበት በር የለም። ከዚያ አዲስ አበባ ያለ ሶፍትዌር የሚሠራ ድርጅት “አሠልጣኝ” ብሎ ለሦስት ወር ሙከራ ቀጠረኝ።

አለቃዬ ብሩክ ይባላል። ከእኔ በአራት ዓመት ያንሳል፤ “ሐኒዬ” እያለ ነው የሚያዘኝ። ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል ጠራኝና፣ “የመካነ ሰላሙን ሥልጠና አንቺ ትሰጫለሽ። ሁለት ቀን ነው። በሁለተኛው ቀን ከበላይ የሚመጡት ኃላፊ የማጠናቀቂያ ቅጹ ላይ ከፈረሙ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልፈረሙ ግን…” አለና ዝም አለ። ብሩክ የጀመረውን የመጨረስ ልማድ የለውም። ያን ጊዜ ግን ይህን አላወቅሁም።

ሶፍትዌሩ ለጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። በሽተኛ ሲመጣ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ካርድ መፈለግ ይቀራል፤ ስም ይጻፋል፣ የሰውየው የሕክምና ታሪክ እንዳለ ስክሪን ላይ ይመጣል። እኔ ስድሳ ገጽ መማሪያ አዘጋጅቼለታለሁ። “እዚህ ጋ ሲጫኑ ይህ ይከፈታል፣ እዚያ ጋ ሲጫኑ ያ ይታያል” የሚል ነው። ወላሂ አንዱንም ተጭኜው አላውቅም! የላኩልኝ ሥዕሉን ብቻ ነበር። “ዋናውን በዋዜማው እንልክልሻለን” አሉኝ፣ አመንኩ።

እናቴ ጋ አድሬ፣ በዋዜማው ከደሴ በሚኒባስ ተነሣሁ። አቀስታ ላይ ስንደርስ ብርዱ ጥርሴን አስፋጨኝ፤ ከአጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት “አብሽሪ፣ እንዲህ ያለው ሙቀት ነው” አሉኝ። ስምንት ሰዓት ላይ መካነ ሰላም ገባሁ። አልቤርጎ ይዤ፣ እግሬን ታጥቤ፣ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ሶፍትዌሩ ተልኳል። የመጀመሪያው ገጽ ያምራል፤ አረንጓዴ ነው፣ ነጭ የለበሰች ነርስ ፈገግ ትላለች፣ ከሥሯ “ግባ” ይላል። ተጫንኩት። አንዲት ቀለበት መዞር ጀመረች። ዞረች። ወጥቼ ሽሮ በልቼ ተመለስኩ፣ ትዞራለች።

ብሩክ ጋ ደወልኩ። “ግባ ስለው አይገባም” አልኩት።

“እ… እሱ ጋ ገና አልደረስንም።”

“እሱ ጋ ማለት?”

“ከ‘ግባ’ በኋላ ያለው ጋ።”

ደሜ ፈላ። “ብሩክ! ከ‘ግባ’ በኋላ ያለውማ ሶፍትዌሩ ነው!”

“ሐኒዬ፣ አትቆጪ። ለማሳያ ብቻ የተሠራ ዲሞ ነው በይ። ኔትወርክ የለም በያቸው። እዚያ አገር ኔትወርክ ኖሮ ያውቃል እንዴ? መማሪያውን አንብቢላቸው፣ ሰውየው ይፈርማሉ፣ በወር ውስጥ እንጨርሰዋለን።”

ስልኩን ዘጋሁት። ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? መስታወት ፊት ቆሜ “ይቅርታ፣ ኔትወርክ ስለሌለ” ማለትን ተለማመድኩ። ቁጡ ነኝ አልኩ እንጂ ጀግና ነኝ አላልኩም።

በማግስቱ ጠዋት የጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ሠልጣኞች ጠበቁኝ። ከአቀስታ የመጣ ሰይድ የሚባል ፈጣን ወጣት አለ፤ የጤና መረጃ ሠራተኛ ነው፣ ኪሱ ውስጥ ሦስት ስልክ ይዟል። ከወግዲ ሲስተር ዓለምነሽ የተባለች ኮስታራ ነርስ መጥታለች፤ መኪና አጥታ ግማሹን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም። ፊት ወንበር ላይ ደግሞ ጋሽ ይማም ተቀምጠዋል። የዚያው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ በሥራው ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ፣ ወገባቸው ላይ ቁልፍ የሚያንሿሹ ሰው።

እዚያ አገር ሥራ ያለ ምርቃት አይጀመርም። ሁሉም ጋሽ ይማምን አዩ። እሳቸውም ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። “ያረቢ፣ ሥልጠናውን አሳካው! አሠልጣኟን ከዓይን ሰውራት! የሩቁን አቅርበው፣ የከበደውን አቅልለው! ኔትወርኩንም አትንሳን!”

“አሚን!” አለ አዳራሹ። እስላሙም ክርስቲያኑም።

እኔም “አሚን” ብዬ እጄን ፊቴ ላይ አሳለፍኩና፣ እዚያው ሳልቀመጥ፣ “ይቅርታ፣ ዛሬ ኔትወርክ ስለሌለ…” ብዬ ጀመርኩ።

ይህን ስል የሰይድ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ የሲስተር ዓለምነሽ። ቀጥሎ የሌላው። ዱዓው ወዲያው ተሰምቶ እንደሆነ እንጃ፣ አዳራሹ በስልክ ጩኸት ተሞላ።

“ኧረ ኔትወርክማ ሞልቶ!” አለ ሰይድ ደስ ብሎት። “ቪዲዮ ሳይቆረጥ ነው የሚሄደው። ምን ችግር አለ እህቴ፣ ከእኔ ስልክ አገናኝልሻለሁ።” እምቢ ሳልለው ላፕቶፔን ከእጄ ወስዶ አገናኘው። ግድግዳው ላይ ነርሷ ፈገግ አለች። ሰይድ “ግባ”ን ተጫነ። ቀለበቷ መዞር ጀመረች።

አሥራ ሁለት ሰው ቀለበት ሲያይ የሚኖረውን ጸጥታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቻለሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ዞረች። በመጨረሻ ሲስተር ዓለምነሽ ጭቃማ ጫማዋን እያየች፣ “ትዞራለች እንጂ አትደርስም” አለች።

“ሰርቨሩ… ክላውድ ላይ ስለሆነ…” አልኩ።

“ክላውድ ምንድን ነው?” አሉ ጋሽ ይማም።

“ደመና እንደማለት ነው።”

“እሰይ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።” ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ትኩር ብለው አዩኝ። “ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ይች ነገር አለች ወይስ የለችም?”

ሌላ ሰው ቢሆን ያድበሰብስ ነበር። እኔ ሲያፋጥጡኝ እቆጣለሁ፣ ስቆጣ ደግሞ እውነት ያመልጠኛል። “የለችም!” አልኩ ጮኼ። “አላለቀችም! ያለው በሩ ብቻ ነው! እኔም ራሴ ገብቼበት አላውቅም! እንኳን ላሠለጥናችሁ፣ ምን እንደሚመስል የማውቀው በሥዕል ነው!”

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲስተር ዓለምነሽ ቦርሳዋን አነሣች። ጋሽ ይማም ግን ቀስ ብለው ተቀመጡና፣ “እንግዲያው ሰኞ ምን ሊውጠን ነው?” አሉ።

“ሰኞ ምን አለ?”

“አልነገሩሽም? ሥልጠናው አልቆ ከተፈረመ፣ ሰኞ ካርዱ ሁሉ በጆንያ ታሥሮ ከጓሮ መጋዘን ይገባል። ክፍሉን ለኮምፒውተሩ ይፈልጉታል። ጣራው ደግሞ ያፈሳል።”

ይህን ማንም አልነገረኝም። ለእኔ ፊርማው ቋሚ ሥራ ነበር። ለእሳቸው የሠላሳ ዓመት ካርድ ጆንያ መግባት ነው። “እንግዲያው ሥልጠናው ይቅር፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ” አልኳቸው።

“በጭቃ መጥቼ በጭቃ ልመለስ?” አለች ሲስተር ዓለምነሽ። “ወላዲተ አምላክን፣ አንድ ነገር ሳልማር አልሄድም!”

“እውነቷን ነው” አሉ ጋሽ ይማም። “ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል አባቶች። ሲያልቅ ምን እንደሚያደርግ አሁን ንገሪን። ሲመጣ ቢያንስ እንዳያታልለን።”

እናም ነገርኳቸው። ትልልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፌ ገጾቹን አንድ በአንድ ሣልኩ። እዚህ ስም ይጻፋል፣ ሲጫኑት ወደ ሁለተኛው ገጽ ይሄዳል። “ማን ነው የሚወስደው?” ይሉኛል። “ሲስተሙ” እላለሁ። “ከየት ያመጣዋል?” “ሲስተሙ ያውቃል።” በዚህ መሐል ሰይድ ብድግ አለና፣ “ታዲያ አንድ ሰው ሲስተም ይሁንልና!” አለ።

ጥግ ላይ የክትባት ማቀዝቀዣ የመጣበት ትልቅ ባዶ ካርቶን ቆሞ ነበር። በምላጭ መስኮት ቀደድንለት፣ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው፣ ከኋላው ወንበር አደረግን። ካርድ የት እንዳለ የሚያውቅ ማን ነው? ጋሽ ይማም። ሳይግደረደሩ ከካርቶኑ ኋላ ገቡ።

ሕጉ ቀላል ነው። ሠልጣኙ የበሽተኛውን ስም በወረቀት ጽፎ በመስኮቱ ይሰዳል፤ ሲስተሙ የሚቀጥለውን ገጽ በመስኮቱ ይመልሳል። መጀመሪያ ሰይድ ወረቀት ሰደደ። ከካርቶኑ ውስጥ ድምፅ መጣ። “እንዴት አደርክ ሰይድ? የአቀስታ ሰዎች ደኅና ናቸው? ዝናቡስ?”

“ጋሽ ይማም! ሲስተም ሰላምታ አይሰጥም!” አልኩ።

“ሰላምታ የማይሰጥ ከሆነ ምኑን ሠለጠነ?” አለ ካርቶኑ።

“ዝም ብለው ገጹን ብቻ ይመልሱ!”

“እሺ” አለ ካርቶኑ ቅር ብሎት፤ ቀጥሎም አሳለ። ሰይድ ማስታወሻው ላይ “ሲስተሙ ያስላል” ብሎ ጻፈ። ሲስተር ዓለምነሽ ጭቃዋን ረስታ በሳቅ ትንፋሿ ተቆረጠ።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው እውነት ሆነ። በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁ በሽተኞች አንገታቸውን ያሰግጉ ጀመር። አዲሱ አሠራር መስሏቸው ሊሰለፉ ሆነ። ሥልጠና ነው ብንል ማን ይሰማናል! አንዲት ከጅዳ የተመለሰች ወጣት፣ ጥቁር ሻርፕ የጣለች፣ ጉሮሮዋን ይዛ ካርቶኑ ፊት ቀረበች።

“ስም?” አለች ሲስተር ዓለምነሽ።

“ዘይነብ።” ወረቀቱ ገባ። ካርቶኑ ባዶ ወረቀት መለሰ። ከሥሩ በጋሽ ይማም ጽሑፍ “ሳትሄድ በፊት ማን ነበረች?” ይላል።

ልጅቱ ሳቀች። “ለቪዛው ነው ዘይነብ ያሉኝ። ዘነበች ነኝ።”

“ዕድሜ?”

“ሃያ ዘጠኝ።”

ካርቶኑ ሌላ ወረቀት ሰደደ፦ “በፓስፖርት ነው ወይስ በእናቷ አፍ?”

“በእናቴ አፍ ሃያ አራት” አለች ልጅቱ።

ጋሽ ይማም ከካርቶኑ ኋላ ተነሥተው ቁልፋቸውን እያንሿሹ ወጡ። ተመልሰው ሁለት ካርድ በመስኮቱ አሳለፉ። አንዱ አዲስ ነው፣ “ዘይነብ” ይላል፣ ምንም የለበትም። ሌላው አሮጌ፣ “ዘነበች” ይላል፤ ከላዩ በቀይ እስክሪብቶ “ፔኒሲሊን ፈጽሞ አይሰጣት” ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። ለጉሮሮዋ ደግሞ ሊታዘዝላት የሚችለው መጀመሪያ እሱ ነበር።

የእኛ ሶፍትዌር ሥዕል ላይ የስም ሣጥን አንድ ብቻ ነው። እኔው ነኝ መማሪያው ላይ “ስም በፓስፖርት ወይም በመታወቂያ እንዳለው ይጻፍ” ያልኩት። የዚያች ልጅ አሮጌ ካርድ ሰኞ ጆንያ ውስጥ ሊገባ ነበር። ቁጣዬ ሁሉ ወዴት እንደሄደ እንጃ፣ ፈራሁ።

ከዚያ በኋላ ቀልዱም አልቀረ፣ ሥራውም ጠና። ካርቶኑ የጠየቀውን ሁሉ ሰይድ ይመዘግባል። ሰውየው የክርስትና ስሙን ብቻ ቢሰጥስ? የእንጀራ አባቱን ስም ይዞ ቢመጣስ? የልደት ቀን ሲጠየቅ “የጤፉ አጨዳ ላይ” ቢልስ? ሲመሽ ዝርዝሩ አርባ ሦስት ደርሶ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ብሩክ ደወለ። “እንዴት ነው ሐኒዬ? ኃላፊው ዛሬ ናቸው አይደል? አልቋል በያቸው። ጥቃቅን ነገር ነው የቀረው በይ። ፊርማው ብቻ ይምጣ።”

“ጥቃቅኑ አርባ ሦስት ደርሷል” አልኩት።

“ሐኒ፣ ሥራ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?”

እፈልጋለሁ። ሌላ ምን ልበላችሁ? ለርዕሰ መምህሩ የጻፍኳቸው ሁለት ገጾች ትዝ አሉኝና፣ “እሺ” አልኩት። አዎ፣ “እሺ” ብያለሁ።

ኃላፊው ዘጠኝ ሰዓት ይመጣሉ ተብሎ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከተፍ አሉ። አቶ ደረጀ ይባላሉ፤ የዚያው አገር ተወላጅ፣ ረጅም፣ ኮታቸውን የቆለፉ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩ። ግድግዳው ወረቀት ለብሷል፤ ጠረጴዛው ላይ ካርቶን ቆሟል፤ ሠልጣኞቹ ዋርካ ጥላ ሥር እንዳሉ ከብቶች ዘና ብለው ቆሎ ይቆረጥማሉ።

“ሲስተሙ የታለ?” አሉ።

ሰይድ ቆሎውን ውጦ ብድግ አለ። “ሲስተሙ ዙሁር ሊሰግድ ሄዷል ጌታዬ፣ አሁን ይመለሳል።”

ቀልቤ ተገፈፈ። ላስረዳ አፌን ስከፍት ጋሽ ይማም ውዱእ ያደረጉበት ውሃ ከክንዳቸው ሳይደርቅ ገቡ፤ “አሰላሙ አለይኩም” አሉና ካርቶናቸው ኋላ ገብተው ተቀመጡ። ወንበሩ ሲጥ አለ።

አቶ ደረጀ እኔን አዩኝ። “ይሄ ነው?”

“የ… ልምምድ ዘዴ ነው” አልኩ።

ትንሽ አሰቡና ወደ ካርቶኑ ቀረቡ። “እስቲ እኔን ያግኘኝ” አሉና ስማቸውን እስከ አያት ጽፈው ሰደዱ። ወረቀቱ ተመለሰ፦ “ሌላ መጠሪያ?” “የለኝም” ብለው ጻፉ። ድጋሚ ተመለሰ፦ “በልጅነትዎ እናትዎ ማን ይሉዎት ነበር?”

አቶ ደረጀ ግራና ቀኝ አዩ። ሁላችንም ጣራ ጣራውን ማየት ጀመርን። ጎንበስ አሉና በመስኮቱ አንድ ነገር ሹክ አሉ። ካርቶኑ ውስጥ ቁልፍ ተንሿሿ፣ ሲስተሙ ተነሥቶ ወጣ።

“ወዴት ነው?”

“እየፈለገ ነው ጌታዬ፣ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል” አለ ሰይድ። ቆሎ ሰጣቸው። ኮታቸውን ፈትተው ተቀመጡና እየቆረጠሙ ጠበቁ። ሃያ ደቂቃ ሆነ። እኔ ቅጹን በእጄ ይዤ አሥሬ አጣጥፌ አሥሬ ፈታሁት።

ጋሽ ይማም አቧራ ለብሰው ተመለሱ። ለማንም ሳያሳዩ ካርቶናቸው ኋላ ገቡ፤ ቡናማ ካርድ በመስኮቱ ወጣ፣ ተገልብጦ። የካርድ ክፍል ሰው የሰው ገመና አያሳይም። አቶ ደረጀ ገልብጠው አነበቡት። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ያ ቃል ቆጣቢ ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

“‘ቆሼ፣ ዕድሜ ስድስት’ ይላል!” አሉ። “እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ሞተውባታል። ሞት እንዲንቀኝ ብላ ነው ቆሼ ያለችኝ። ሕመሙን ስሙ፦ ‘ግራ አፍንጫ ውስጥ ባቄላ’!”

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሲስተር ዓለምነሽ ጠረጴዛ እየደበደበች ሳቀች። ካርቶኑ ራሱ ሲወዛወዝ አየሁት። “ባቄላው ወጣ?” አለ ሰይድ። “ወጣ፣ ወጣ!” አሉ አቶ ደረጀ።

ከዚያ ዓይናቸው የካርዱ ግርጌ ላይ ቆመ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። “ሕፃኑን ያመጣችው፦ እናት” ከሚለው ጎን በሐምራዊ ቀለም የአውራ ጣት አሻራ አለ። ጣታቸውን አሻራው ላይ አሳረፉ።

“ፎቶ የላትም” አሉ። “የሞተች ጊዜ ፈልገን አንድም አላገኘንም።”

ካርዱን ሳይለቁ፣ “ይሄ ሰኞ ወዴት ነው የሚሄደው?” አሉ።

“ጆንያ ውስጥ ነው፣ ጌታዬ” አለ ካርቶኑ ቀስ ብሎ።

አቶ ደረጀ ወደ እኔ ዞሩ። ቅጹ በእጄ ላይ ነው፤ እስክሪብቶ እንኳ አዘጋጅቻለሁ። “አሠልጣኝ፣ ሶፍትዌሩ አልቋል?”

የሆነውን ሁሉ እንደነበረ ልንገራችሁ፤ አፌ መጀመሪያ የተከፈተው ለ“አዎ” ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበረ። ሦስት ወር፣ ቋሚ ሥራ፣ እናቴ “ተመስገን” ስትል፣ ሁሉም ታዩኝ። ግን ዘነበችም ታየችኝ፣ ቀዩ መሥመርም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ስቆጣ እንጂ ስፈራ የማለቅስ አይመስለኝም ነበር።

“አላለቀም” አልኩ። “አልተጀመረም ማለት ይቀላል። ‘ግባ’ ይላል፣ መግቢያ ግን የለውም። ቢያልቅ እንኳ ቆሼ ብለው ቢጠሩት ደረጀን አያገኝም። አንድ ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። ይፈርሙ ተብዬ ነው የመጣሁት፤ አይፈርሙ።”

ቅጹን ከእጄ ወሰዱ። ቀደዱት ብዬ ነበር፤ አልቀደዱትም። ጠረጴዛው ላይ አድርገው በቁም ጽሕፈት ጻፉበት፦ “ሥልጠናው ተሰጥቷል፤ እጅግ ጥሩ ነው። ሶፍትዌሩ ግን ገና ነው። የሠልጣኞቹ አርባ ሦስት ጥያቄ ተያይዟል። ሁሉም እስኪመለስና ሠልጣኞቹ ራሳቸው ‘አልቋል’ እስኪሉ ድረስ አንድ ካርድ ከመደርደሪያው እንዳይነቃነቅ። ጣራውም ይጠገን።” ፈረሙ። ከዚያ ካርቶኑን አንኳኩና፣ “ሲስተም፣ ይህን ካርድ ወደ ቦታው መልስልኝ፤ አደራ” አሉ።

“በዓይኔ፣ በጭንቅላቴ!” አለ ካርቶኑ።

ብሩክ በስልክ ያባረረኝ በማግስቱ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ አቀስታ ብርድ ላይ ነው። “አላለቀም አልሽ? ማን ጠየቀሽ?” አለኝ። “ኃላፊው ጠየቁኝ” አልኩት። ከዚያ ወዲያ ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ሹፌሩ ራዲዮኑን ቀንሶ ነው ያዳመጠኝ። ደሴ ስገባ ሥራ የለኝም ነበር። እናቴ ነገሩን ከሰማች በኋላ፣ “እና እውነት በመናገር ነው የተባረርሽው? እንግዲያውስ ብይ፣ እራት ቀርቧል” አለችኝ።

ወዳጆቼ፣ እናንተም አንድ ቀን ያላለቀ ነገር ተሸክማችሁ “አልቋል” በሉ ትባሉ ይሆናል። ግንብ ሊሆን ይችላል፣ መንገድ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀት ሊሆን ይችላል። እኔ ሰበብ ስታበዙ ከጀርባችሁ ማን ጆንያ ውስጥ ሊገባ እንደሆነ እዩ ከማለት ሌላ ምክር የለኝም። ደግሞ “አላለቀም” ማለት የሚያዋርድ መስሎኝ ነበር፤ ከተናገርኩ በኋላ ግን አሥራ ሁለት ሰው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። ሰው ካላለቀ ነገር ጋር መሥራት ያውቅበታል። የሚያስቸግረው አለቀ ከተባለው ጋር ነው።

በአሥራ ስድስተኛው ቀን ብሩክ ደወለ። ዘጋሁበት። ደግሞ ደወለ፣ ዘጋሁበት። በሦስተኛው አነሣሁት።

“ሐኒ… ሐናን” አለ። “ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ልጆች አርባ ሦስቱን ይዘው ተቀምጠዋል። ቁጥር ዘጠኝ ላይ ‘ዕድሜ በእናቷ አፍ’ ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አልገባውም። ያለዚያ ዝርዝር ደግሞ ኃላፊው አይፈርሙልንም። ተመለሺ።”

“በቋሚነት?”

“በቋሚነት።”

“ጋሽ ይማም ሳያዩት ምንም ገጽ አይሠራም።”

“እሺ።”

“ሰው ከጠየቀኝ ያላለቀውን አላለቀም ነው የምለው።”

“እሺ። ሲያልቅስ? ሲያልቅም እንዲሁ አፍሽን ሞልተሽ አልቋል ትያለሽ?”

ከተመለስኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በሦስት ሶፍትዌር ሰው አሠልጥኛለሁ። እስካሁን ያለቀ አላጋጠመኝም።